የታጋቹ ድምፅ የማን ነው?

ባለፈው ዓመት ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተዘጋጀ አንድ ጉባኤ ላይ «አትግደል» የሚለውን አምስተኛውን ትእዛዝ እያስረዳን ሳለ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ መምህር እጁን አንሥቶ «አባ፣ ሰው ሲታገት ለአጋቾቹ ገንዘብ መክፈል ኃጢአት ነውን?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ከመጽሐፍ የተቀዳ አልነበረም። በሀገራችን በእነዚህ ዓመታት ተማሪው፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ገበሬው ሳይቀር በየመንገዱ በታጠቁ ሰዎች እየታገተ ቤተ ሰቡ ገንዘብ አምጣ እንደሚባል ውድ አንባብያን የምታውቁት ነው። እኛም «ኃጢአቱ የአጋቹ እንጂ የከፋዩ አይደለም፤ ወንድምን ከሞት ለማዳን በሬን መሸጥ ፍቅር ነው» ብለን መለስንለትና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍን። የጠየቀን ሰው የገዛ ወንድሙ ታግቶበት እንደ ነበር የነገረን ከጉባኤው በኋላ በምሳ ሰዓት ነው።

መልሳችን ስሕተት ነበር አንልም፤ ነገር ግን ቸኩለን እንደ መለስን ተሰማን። ያ መልስ የሚበቃው ታጋቹ የአንድ ቤት ልጅ፣ ዋጋውም የአንድ ቤት ሀብት ሲሆን ነው። ታጋቹ ሕዝብን የሚያስተዳድር ሰው፣ የሚጠየቀውም ዋጋ ብር ሳይሆን ሕጉ ራሱ ሲሆንስ? ቤተ ሰብ በሬውን ይሸጣል፤ መንግሥት ምኑን ይሸጣል? ይህን በሐሳብ ብቻ ከማመላለስ በእውነት በተፈጸመ ነገር ላይ ብንመረምረው ይሻላል ብለን፣ በሴሚናሪ ሳለን አስተማሪዎቻችን ደጋግመው ያነሡት የነበረውን፣ እስከ ዛሬም ሕሊናን የሚያስጨንቀውን የአልዶ ሞሮን ታሪክ ለማቅረብ ወደድን። ቀኖቹንና ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ግን ቤተ ክርስቲያን ስለ ምርኮኛ ያላትን ጥንታዊ ልማድ ጥቂት እናስታውስ። ለልጆች የምሕረትን ሥራዎች ስናስተምር «የታሰሩትን መጠየቅ» እንላለን፤ ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በዘረዘራቸው ሰባቱ ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች መካከል ግን «ምርኮኛን መዋጀት» የሚል እናገኛለን። ይህም በቃል ብቻ አልቀረም። ጎቶች በ378 የሮማን ሠራዊት በአድርያኖፕል ድል ከነሡ በኋላ ቅዱስ አምብሮስዮስ የተማረኩትን ለማስለቀቅ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት ሰብሮ አስቀልጧል፤ ስለዚህም የነቀፉትን ሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያን ወርቅ ያላት ለተቸገሩት ለማውጣት እንጂ ለማከማቸት አይደለም ሲል ተከራክሯቸዋል። በ1218 በባርሴሎና የተመሠረተው የእመቤታችን የምሕረት ማኅበር መነኰሳትም ከሦስቱ የምንኩስና ስእለቶች ሌላ አራተኛ ስእለት ይገቡ ነበር፤ ይኸውም አስፈላጊ በሆነ ጊዜ በምርኮኛው ፈንታ ራሳቸውን መያዣ አድርገው ለመስጠት ነው። በቋንቋችንም «ቤዛ» የሚለው ቃል ለአጋች የሚከፈለውንም ዋጋ፣ ጌታችን በመስቀል ላይ የከፈለልንንም ዋጋ አንድ አድርጎ ይጠራል። ስለዚህ ክርስቲያን ስለ ቤዛ ሲጠየቅ የመጀመሪያ ቃሉ «አይቻልም» ሊሆን አይገባውም።

አሁን ወደ ሮም እንመለስ። አልዶ ሞሮ በ1978 የ61 ዓመት ሰው ነበሩ። አምስት ጊዜ መንግሥት መሥርተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ በዚያን ጊዜ የክርስቲያን ዴሞክራት ፓርቲ ፕሬዚዳንት፣ በሮም ዩኒቨርሲቲም የወንጀል ሕግ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው የኢጣልያ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ማኅበር መርተዋል። የዚያ ማኅበር መንፈሳዊ አባት ሆነው ቀደም ሲል ያገለገሉት ካህን ጆቫኒ ባቲስታ ሞንቲኒ ነበሩ፤ እኚህም በኋላ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ የሆኑት ናቸው። የሁለቱ ወዳጅነት የቆየ ነበር።

ማርች 16 ቀን ጠዋት ሞሮ ከቤታቸው ወጥተው ወደ ፓርላማ ይጓዙ ነበር። በዚያን ቀን አዲሱ መንግሥት የእምነት ድምፅ ይጠይቃል፤ ከ1947 ወዲህ ከመንግሥት ውጭ ሆኖ የኖረው የኮሙኒስት ፓርቲም ድጋፉን ይሰጣል። ሁለቱን ባላንጣዎች ወደዚህ ያደረሳቸው የሞሮ የብዙ ወራት ትዕግሥት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ግን ፋኒ በሚባለው ጎዳና ላይ አንድ መኪና ከፊታቸው ድንገት ቆመ፤ የአየር መንገድ ሠራተኞች የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎችም ከመንገዱ ዳር ብቅ ብለው ተኩስ ከፈቱ። ከአምስቱ አጃቢዎች አራቱ እዚያው ሞቱ፤ አምስተኛውም ሆስፒታል ደርሶ ብዙ አልቆየም። ሞሮ በሕይወት ተወሰዱ። «ቀይ ብርጌዶች» የሚባለው በኅቡእ የሚንቀሳቀስ የታጠቀ ቡድን ድርጊቱ የእኔ ነው አለ። ሞሮም በዚያው በሮም ከተማ፣ ሰዎች በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያ በስተ ጀርባ በተሠራች ጠባብ ክፍል 55 ቀን ታስረው ቆዩ። አጋቾቹ «የሕዝብ ችሎት» ብለው በሰየሙት ነገር ከመረመሯቸው በኋላ በአፕሪል አጋማሽ የሞት ፍርድ እንደ ፈረዱባቸው አስታወቁ፤ አፕሪል 24 ቀንም በሞሮ ሕይወት ለውጥ 13 እስረኞቻችን ይፈቱ አሉ።

መንግሥት እምቢ አለ። የክርስቲያን ዴሞክራት ፓርቲም የኮሙኒስት ፓርቲም በዚህ አንድ ነበሩ፤ አቋማቸውም «ጽናት» ተባለ። የሶሻሊስት ፓርቲና የሞሮ ቤተ ሰብ ግን የአንድ ሰው ሕይወት የሚተርፍበት መንገድ ይፈለግ ብለው ለመኑ።

«ጽናት» ያሉት ሰዎች ልበ ደንዳኖች ነበሩ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። በፊታቸው ያዩት ነገር ነበር። በ1975 በምዕራብ በርሊን የፖለቲካ መሪው ፔተር ሎረንትስ በታገቱ ጊዜ የጀርመን መንግሥት አምስት እስረኞችን ፈትቶ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ የመን ላከ፤ ሎረንትስም በሰላም ተመለሱ። ከተፈቱት መካከል ግን መሣሪያ ወደ ማንሣት የተመለሱ ነበሩ። በ1974 በጄኖቫ ዐቃቤ ሕጉ ማርዮ ሶሲ ታግተው ሳሉ ፍርድ ቤት እስረኞችን በዋስ ለመልቀቅ ተስማማ፤ የበላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ፍራንቸስኮ ኮኮ ግን ሶሲ ከተለቀቁ በኋላ ይህ እንዳይፈጸም አደረጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮኮ ከሁለት አጃቢዎቻቸው ጋር በጥይት ተገደሉ። በ1977 ደግሞ በጀርመን የአሠሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሃንስ ማርቲን ሽላየር ታገቱ፤ ከእርሳቸው ጋር የነበሩት አራት ሰዎች ተገደሉ። ልጃቸው መንግሥት የአባቴን ሕይወት እንዲያድን ይገደድልኝ ብሎ ለሀገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አመለከተ። ፍርድ ቤቱም መንግሥት የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚጠብቅ መምረጥ የእርሱ ነው፤ አጋቾች መልሱን አስቀድመው የሚያውቁት ከሆነ ዜጎችን ሁሉ መጠበቅ አይችልም ሲል ልመናውን አልተቀበለም። ሽላየር ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተው ተገኙ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በፋኒ ጎዳና የወደቁት አምስት ሰዎች አሉ። ለመለዮ ለባሽ ደመወዝ ብለው የሞቱ ድኾች ነበሩ። የእነርሱ ሚስቶችና እናቶች «ባሎቻችንን የገደሉት ሰዎች ጓደኞች ዛሬ በነጻ ይሂዱ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ምን ይሆናል? ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፍ ሰው የድኻን ደም ከባለ ሥልጣን ደም አሳንሶ እንዳያይ ይጠንቀቅ።

እዚህ ላይ ከቅዱስ አምብሮስዮስ የምንማረው አንድ ነገር አለ። እርሱ የሰጠው ወርቅ ነው፤ የምሕረት ማኅበር መነኰሳትም የሰጡት የራሳቸውን ሰውነት ነው። ከእነርሱ ማንም የሌላውን ሰው ደኅንነት ለቤዛ አልሰጠም። መንግሥት ነፍሰ ገዳይን ከእስር ለቆ ታጋቹን ሲያስመልስ ግን የሚከፍለው ከኪሱ አይደለም፤ ነገ በዚያ ነፍሰ ገዳይ እጅ ከሚወድቀው፣ ስሙ ገና ከማይታወቀው ሰው ላይ ቆርሶ ነው። ስለዚህ 13ቱን እስረኞች አልለቅም ያለው መንግሥት ኃጢአት ሠራ ለማለት አንደፍርም።

ነገር ግን ወዲያው ሌላ ድምፅ ይመጣብናል፤ የሊቀ ካህናቱ የቀያፋ ድምፅ። እርሱም ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል አለ። ክርስቲያኖች ሁሉ ይህን ቃል በሕማማት ሰሞን ሰምተነዋል፤ ማን እንደ ተናገረውም እናውቃለን። ታዲያ የሮም መንግሥት ያለው ከዚህ በምን ይለያል? ልዩነት አለ። ቀያፋ የመከረው ንጹሑን ሰው እንዲገድሉ ነው፤ የኢጣልያ መንግሥት ግን ሞሮን አልገደለም፤ የገደሉት ቀይ ብርጌዶች ናቸው። ማድረግና አለማድረግ፣ መግደልና ከገዳይ ማስጣል አለመቻል በሥነ ምግባር ትምህርታችን አንድ አይደሉም። አጋች ሁልጊዜ ሊያደርግ የሚሞክረው ይህንኑ ልዩነት ማጥፋት ነው፤ «እኔ አይደለሁም የምገድለው፤ ያልከፈላችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። ይህን መቀበል የለብንም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በ1992 በወጣው መጽሐፉ እገታ ሽብርን የሚያነግሥ፣ በታጋቹም ላይ ሊሸከመው የማይችለውን ጫና የሚጭን ክፉ ሥራ መሆኑን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ያስተምራል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስጨንቀን ነገር ከእምቢታው ይልቅ እምቢታው የተነገረበት መንገድ መሆኑን እንናገር።

ሞሮ ከእስር ቤታቸው ከ80 የሚበልጡ ደብዳቤዎች ጽፈዋል፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለፓርቲያቸው መሪዎች፣ ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ፣ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም። ብዙዎቹ በጊዜው ለተጻፉላቸው ሰዎች አልደረሱም፤ የአንዳንዶቹ ቅጂ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ ሚላኖ ውስጥ በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል። የደረሱትን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው በእነርሱ ውስጥ የሚያገኘው የተደናገረ ሰው ልፍለፋ አይደለም። የሕግ መምህሩ ይከራከራሉ። በአስገዳጅ ሁኔታ ውስጥ ሕይወትን ማዳን ከሕግ ጋር እንደማይጋጭ፣ የኢጣልያ መንግሥት ራሱ ከዚያ በፊት የፍልስጥኤም ታጣቂዎችን አደጋ ለማራቅ ሲል እስረኞችን በዝምታ እንደ ለቀቀ፣ አሁን በእርሳቸው ላይ ሲደርስ ብቻ ሕጉ ብረት የሆነበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ስለ ቤተ ሰባቸው ይጨነቃሉ፤ ይለምናሉ፤ ይቈጣሉም።

መልሱ ምን ሆነ? ደብዳቤዎቹ የእርሳቸው አይደሉም ተባለ። እጁ የሞሮ ነው፤ ሐሳቡ ግን የአጋቾቹ ነው፤ ስለዚህ በሕሊና ፊት የጻፏቸው እርሳቸው እንደ ሆኑ አይቈጠርም ተባለ። በካቶሊክ ማኅበራት ውስጥ የታወቁ የቅርብ ወዳጆቻቸው ሳይቀሩ እነዚህን ደብዳቤዎች የጻፈው እኛ የምናውቀው ሰው አይደለም ብለው ፈርመው በጋዜጣ አወጡ። ሞሮም በዚያች ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ገና በሕይወት ሳሉ፣ ወዳጆቻቸው እንደ ሌላ ሰው እንደ ቈጠሯቸው አወቁ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ነገር ውስጥ እውነት የሚመስል ነገር እንዳለ አንክድም። ፍርሃትና ማስገደድ የሰውን ነጻነት እንደሚቀንሱ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እኛው ራሳችን እናስተምራለን፤ በጠመንጃ ሥር የተሰጠ ተስፋም እንደ ነጻ ቃል ኪዳን አያስርም። ነገር ግን ነጻነቱ የተቀነሰ ሰው ሌላ ሰው አይሆንም። የፈራ ሰው የፈራው እርሱ ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ፈርቷል፤ አዝኗል፤ ጽዋው እንዲያልፍለት ለምኗል። ያን ጸሎት «የጸለየው እርሱ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው» ያለ አባት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ አልተነሣም። እንዲያውም አባቶች የእርሱን እውነተኛ ሰውነት ያስረዱት በዚሁ ላብና በዚሁ ልመና ነው። ታዲያ ሞትን የፈራ አንድ ክርስቲያን «አድኑኝ» ብሎ ሲጽፍ እርሱ አይደለም ማለትን ከየት ተማርነው?

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ። የጀርመኑ መሪ ሄልሙት ሽሚትና ባለቤታቸው፣ እኛ ብንታገት በእኛ ለውጥ እስረኛ አይፈታ ብለው አስቀድመው በጽሑፍ እንዳኖሩ ይታወቃል። ይህ የሚከበር ነው፤ ስለ ራሳቸው የወሰኑት ነውና። በሞሮ ላይ የሆነው ግን ሌሎች ሰዎች በየቢሯቸው ተቀምጠው ሞሮ እንደ ጀግና እንዲሞቱ መጠበቃቸው፣ እንደ ጀግና ሳይሆን እንደ ባልና እንደ አባት ሲጽፉም ማፈራቸው ነው። ሰማዕትነት ጸጋ ነው፤ ጸጋም ሰው ለራሱ የሚቀበለው እንጂ ለጎረቤቱ የሚያዝዝለት አይደለም። መንግሥት ለታጋቹ «ልለውጥህ አልችልም» ሊለው ይችላል። «ሳትጮኽ ሙት» ሊለው ግን አይችልም።

ያ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በምሳ ሰዓት የነገረንን ነገር ያስታወስነው እዚህ ላይ ስንደርስ ነው። አጋቾቹ በሦስተኛው ቀን በስልክ ወንድሙን አገናኟቸው። ወንድሙም እያለቀሰ «የእኔን ድርሻ መሬት ሽጡትና አውጡኝ» አለ። ስልኩ ሲዘጋ ከዘመዶቹ አንዱ ሽማግሌ «ይህን የተናገረው እርሱ አይደለም፤ ጠመንጃው ነው፤ እርሱማ መሬት ሽጡ አይልም» አሉ። እናቲቱ ግን «ልጄ ነው፤ ድምፁን አላጣውም» ብለው ተነሡ። መምህሩ ይህን ሲነግረን ሽማግሌው ክፉ ሰው አለመሆናቸውን ደጋግሞ ገለጸልን፤ የመሬቱ ነገር ከብዷቸው ነው እንጂ። በሮምም የሆነው ይኸው ይመስለናል። የሚጠየቀው ነገር ከአቅም በላይ ሲከብድ፣ የሚጠይቀውን ሰው «እርሱ አይደለም» ማለት ሸክሙን ያቀልላል።

ሸክሙ መቅለል አልነበረበትም። ሳይቀል ቢቀር ኖሮ ምናልባት ሌላ በር ይፈለግ ነበር። የሶሻሊስት ፓርቲ ሰዎች ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ እጁ በደም ያልተነካ፣ ታሞ ለተኛ አንድ እስረኛ መንግሥት በራሱ ፈቃድ ምሕረት ቢያደርግ፣ ልውውጥ ሳይባል፣ አጋቾቹ ለመመለስ ሰበብ ያገኙ ይሆናል የሚል። የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንትም ለመፈረም ዝግጁ እንደ ነበሩ ተነግሯል። ይህ ሞሮን ያድን ነበር ወይ ብሎ መከራከር ትርፍ የለውም። ለታመመ እስረኛ ምሕረት ማድረግ ግን ማንም ሳይታገት እንኳ የሚደረግ በጎ ሥራ ነው፤ «አጋች ደስ እንዳይለው» ተብሎ በጎ ሥራ ሲቀር አጋቹ በሌላ በኩል ገዛን ማለት ነው።

ስለ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛም ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ቅዱስነታቸው ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኦክቶበር 1977፣ ተጠልፎ ሞቃዲሾ ላይ ባረፈው የጀርመን አውሮፕላን ውስጥ ለነበሩት መንገደኞች ፈንታ ራሳቸውን ለመስጠት ዝግጁ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። የ80 ዓመት ሽማግሌ ሆነው የዚያን የጥንቱን አራተኛ ስእለት ቃል ተናገሩ። በአፕሪል 1978 ደግሞ በገዛ እጃቸው ለቀይ ብርጌዶች ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ ነፍሰ ገዳዮቹን እንደ ሰው ጠርተው፣ በጕልበታቸው ተንበርክከው ወዳጃቸውን እንዲለቁላቸው ለመኑ። ነገር ግን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንዲለቁ ነው የጠየቁት። በዚህች ቃል ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። አንዳንዶች ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የመንግሥትን አቋም ተቀበሉ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ለአጋች የሚለምን አባት ከዚህ ሌላ ምን ሊል ይችላል ይላሉ። ሞሮ ራሳቸው ለባለቤታቸው በጻፉት ደብዳቤ ቅዱስ አባታችን ያደረጉት ጥቂት እንደ ሆነባቸው ገልጸዋል። እኛ በቅዱስነታቸው ላይ ለመፍረድ አንነሣም፤ በ2018 ከቅዱሳን ጋር የተቈጠሩ አባት ናቸው። ሆኖም ቅዱሳንም ወዳጃቸውን ሊያድኑ ያልቻሉበት ቀን እንዳለ መደበቅ ለምእመናን አይጠቅምም።

በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ትንሽ ካህንም አለ። ዶን አንቶኔሎ ሜኒኒ ይባላሉ፤ በሮም የአንዲት ቁምስና ረዳት ካህን ነበሩ። አጋቾቹ ስልክ እየደወሉ ደብዳቤ ያኖሩበትን ቦታ ይነግሯቸው ነበር፤ እርሳቸውም እየሄዱ አንሥተው ለቤተ ሰቡ ያደርሱ ነበር። በኋላ የቫቲካን አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል፤ በ2015 የኢጣልያ ፓርላማ መርማሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበውም ሞሮን በእስር ቤት አላየኋቸውም አሉ። ሰዎች ከዚህ የበለጠ ነገር ሊሰሙ ይፈልጉ ነበር። ለእኛ ግን ያ የተደረገው ይበቃናል፤ «የእርሳቸው አይደለም» የተባለውን ደብዳቤ እንደ ሞሮ ደብዳቤ ተሸክሞ ለሚስታቸው ያደረሰ አንድ ሰው ነበር።

ሜይ 9 ቀን የክርስቲያን ዴሞክራት ፓርቲ መሪዎች ተሰብስበው ሳሉ የሞሮ አስከሬን በካኤታኒ ጎዳና ላይ በቆመች ቀይ ሬኖ 4 መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ተገኘ። ቦታው ከክርስቲያን ዴሞክራት ፓርቲም ከኮሙኒስት ፓርቲም ጽሕፈት ቤት ብዙ የማይርቅ ነው። ሞሮ በደብዳቤያቸው በቀብሬ ላይ የመንግሥትና የፓርቲ ሰዎች አይገኙ ብለው ነበር፤ ቤተ ሰባቸውም የመንግሥትን ቀብር እምቢ ብሎ በማግስቱ ቶሪታ ቲበሪና በምትባል ትንሽ መንደር በጸጥታ ቀበራቸው። ከሦስት ቀን በኋላ በቅዱስ ዮሐንስ ዘላተራን ካቴድራል ባለ ሥልጣናቱ ሁሉ የተገኙበት የፍትሐት ጸሎት ተደረገ። የሬሳ ሣጥን አልነበረም፤ ሚስትም ልጅም አልነበሩም። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በወንበራቸው ተደግፈው በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ጸለዩ፤ ስለዚህ ደግ ሰው ደኅንነት የለመንነው ልመና አልተሰማም ብለው ለእግዚአብሔር እንደ ኢዮብ አመለከቱ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 6 ቀን፣ እርሳቸውም ዐረፉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ «ጽናት» የመርሕ ጉዳይ ነበር እንል ነበር። በ1981 ግን ቀይ ብርጌዶች በናፖሊ አውራጃ ቺሮ ቺሪሎ የሚባሉ የዚያው ፓርቲ የክልል ባለ ሥልጣን አገቱ፤ ሁለት ሰዎችንም ገደሉ። በዚህ ጊዜ ካሞራ በሚባለው የወንበዴዎች ማኅበር አማካይነት ድርድር ተደረገ፤ ገንዘብም ተከፈለ፤ ቺሪሎ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በሕይወት ተመለሱ። በመመለሳቸው እናዝናለን ማለት አይደለም። ነገር ግን በ1978 ስለማይነካው ሕግ የተነገረው ሁሉ ለቺሪሎ ጊዜ የት እንደ ገባ የሞሮ ልጆች ቢጠይቁ ማን ይመልስላቸዋል? በአደባባይ ያልተሸጠ ሕግ በጓዳ ከተሸጠ፣ እምቢታው የመርሕ ሳይሆን የሰዓቱ ነበር ማለት ነው።

ከሞሮ ሴቶች ልጆች አንዷ፣ አኜዜ ሞሮ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ ኢየሱሳዊ ካህንና በባልደረቦቻቸው አማካይነት ከቀድሞ የቀይ ብርጌዶች አባላት ጋር መገናኘት ጀመረች። ከእነርሱም አንዱ በዚያን ጠዋት በፋኒ ጎዳና ከተኰሱት መካከል የነበረው ፍራንኮ ቦኒሶሊ ነው። ሁለቱ አብረው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ተናግረዋል። ይህን የምናነሣው ይቅርታ ቀላል ነው ለማለት አይደለም፤ እርሷም ቀላል ነው ብላ አታውቅም። የአባቷን ድምፅ ከሰሙት የመጨረሻ ሰዎች መካከል እነዚህ ሰዎች መኖራቸውን ግን ማንም ሊለውጠው አይችልም።

ባለፈው ወር ያንን የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በቁምስናው አገኘነውና ይህን ሁሉ ነገርነው። ወንድሙ ተመልሷል፤ የመሬቱ ግማሽ ተሽጧል፤ ሽማግሌውና እናቲቱ እስከ አሁን አይነጋገሩም። ነገራችንን እስከ መጨረሻው በዝምታ ሰማ። ከዚያም ስለ መንግሥትና ስለ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ምንም ሳይጠይቅ፣ «አምስቱ አጃቢዎች ስማቸው ማን ነበር?» አለን። በቃላችን አላወቅነውም፤ እንደምንልክለት ቃል ገባንለትና ወደ ቤታችን ተመልሰን ከመጽሐፍ ፈልገን ጻፍንለት። ኦሬስተ ሌዮናርዲ፤ ዶሜኒኮ ሪቺ፤ ፍራንቸስኮ ዚዚ፤ ጁልዮ ሪቬራ፤ ራፋኤለ ዮዚኖ። በኅዳር ለሙታን በሚደረገው መታሰቢያ ከአልዶ ሞሮ ስም ጋር እንደሚያስጠራቸው በመልሱ ጽፎልናል።